በቨርቹዋል ስልክ ቁጥር አካውንት ማረጋገጥ፦ ኮዱ እንዲመጣ፣ አካውንቱም እንዳይጠፋ

ቨርቹዋል ቁጥር ማለት ከራሳችሁ ሲም ውጪ፣ በኢንተርኔት ከአቅራቢ የምታገኙትና መልእክቱን በድረ ገጽ ወይም በአፕ የምታነቡበት ስልክ ቁጥር ነው። በእሱ አካውንት ሲከፍት ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ወዲያው ይታያል። ቁጥሩን ያስገባል፣ ኮዱ አይመጣም፣ ደግሞ ይሞክራል፣ በመጨረሻ «ብዙ ጊዜ ሞክረዋል» ተብሎ ይዘጋበታል። ሁለተኛው ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ኮዱ ደረሰ፣ አካውንቱ ተከፈተ፣ ሁሉም ሰላም ነው። ከወራት በኋላ ስልክ ሲቀይር አካውንቱ እንደገና ኮድ ይጠይቀዋል። ኮዱ የሚሄደው ደግሞ ድሮ ተከራይቶት ወደነበረው፣ አሁን ሌላ ሰው ወደያዘው ቁጥር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ጊዜያችሁን ብቻ ይበላል። ሁለተኛው ፎቶ፣ መልእክትና የስራ ግንኙነት ይዞባችሁ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ኮዱ ሲመጣ አያበቃም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ደረጃዎች እንዳትዘሉ አደራ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የማይሆንባቸው ቦታዎች

ቨርቹዋል ቁጥር የግል ስልካችሁን ለማታምኑት ድረ ገጽ ላለመስጠት፣ የስራና የግል መልእክትን ለመለየት፣ ለሽያጭ ማስታወቂያ የሚሆን ቁጥር ለማግኘት ጥሩ ነው። ለሚከተሉት ግን አትጠቀሙበት።

- ለባንክ፣ ለሞባይል ገንዘብና ለማንኛውም ክፍያ አካውንት
- ለመንግስት አገልግሎትና ለመታወቂያ
- ለዋናው ኢሜይላችሁ፣ ማለትም የሌሎቹን አካውንቶች ፓስወርድ ለምትመልሱበት ኢሜይል

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በኢንተርኔት የሚሰራ ቁጥር ከአንድ የተወሰነ ስልክ ወይም ሲም ጋር የታሰረ አይደለም። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 ባወጣው የዲጂታል ማንነት መመሪያ፣ በእጅ ያለን የተወሰነ መሣሪያ የማያረጋግጡ መንገዶች፣ ለምሳሌ በኢንተርኔት የሚሰራ ስልክና ኢሜይል፣ በሌላ መስመር ኮድ ተልኮ ለሚደረግ ማረጋገጫ እንዳይውሉ ከልክሏል። ባንኮች እነዚህን ቁጥሮች አልቀበልም ሲሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ታግዶ የተዘጋ አካውንት በሌላ ስም ለመመለስ፣ በሰው ስም ለመክፈት ወይም አካውንት በጅምላ ለማምረት ከሆነ ሃሳባችሁ ይህ መመሪያ አይረዳችሁም። እንዲህ ያሉ አካውንቶች እየተለዩ ይዘጋሉ። ማጭበርበር ካለበት ደግሞ በህግም ያስጠይቃል።

ደረጃ 1፦ አካውንቱ እስከ መቼ እንደሚያስፈልጋችሁ ወስኑ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ቁጥር ይፈልጋል፣ ከዚያ ስለ አካውንቱ ያስባል። ገልብጡት። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ይህ አካውንት ነገ ቢጠፋ ምን ይቀርብኛል?»

- ምንም የማይቀርባችሁ ከሆነ (አንድ ነገር አይታችሁ የምትወጡበት ድረ ገጽ)፣ የአጭር ጊዜ ቁጥር ይበቃል።
- ለወራት የምትፈልጉት ከሆነ፣ በየወሩ የሚከፈልበት የግል ቁጥር ያዙ።
- ሰው የሚያገኛችሁ፣ ደንበኛ የሚጽፍላችሁ በዚያ ከሆነ፣ ቨርቹዋል ቁጥሩን ትታችሁ ሁለተኛ ሲም ወይም ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) አውጡ።

መልሱን ሳትወስኑ ወደ ደረጃ 2 አትሂዱ።

ደረጃ 2፦ የቁጥሩን ዓይነት ምረጡ

ሁሉም «ቨርቹዋል ቁጥር» ተብሎ ይሸጣል እንጂ ዓይነቱ ይለያያል። ልዩነቱን ካላወቃችሁ ገንዘባችሁ ይባክናል።

ነፃ የህዝብ ቁጥር። ድረ ገጽ ላይ ተለጥፎ የሚገኝ፣ የሚመጣለትን መልእክት ማንም የሚያነበው ቁጥር ነው። አትጠቀሙበት። የእናንተን ኮድ ሌላው ሰው በዚያው ሰከንድ ያየዋል። ነገ «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ተጭኖ አካውንታችሁን መውሰድም ይችላል። ደግሞም እነዚህ ቁጥሮች በሺህ የሚቆጠር ሰው ስለሞከረባቸው ታዋቂ አገልግሎቶች አስቀድመው አግደዋቸዋል።

ለአንድ ኮድ ብቻ የሚከራይ ቁጥር። ለደቂቃዎች ይሰጣችኋል፣ አንድ መልእክት ይቀበላል፣ ከዚያ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ተመልሳችሁ አታገኙትም፤ ሌላው ግን ሊያገኘው ይችላል። በደረጃ 1 «ምንም አይቀርብኝም» ላላችሁት አካውንት ብቻ ይሁን።

በወር የሚከራይ የግል ቁጥር። ክፍያውን እስከቀጠላችሁ ድረስ የናንተ ነው። ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይሄ ነው። ግን በኢንተርኔት የሚሰራ ቁጥር ከሆነ አንዳንድ አገልግሎቶች አይቀበሉትም። አገልግሎቱ ኮድ ከመላኩ በፊት ቁጥሩ የሞባይል፣ የቤት ስልክ ወይም የኢንተርኔት ስልክ መሆኑን ከቁጥር መረጃ ቋት ያጣራል። ዋትስአፕ ለምሳሌ የኢንተርኔት ስልክ ቁጥሮችን እንደማይደግፍ በግልጽ አስቀምጧል።

በእውነተኛ ሲም ላይ ያለ የሚከራይ ቁጥር። ሻጩ እጁ ላይ ሲም አለው፣ መልእክቱን ወደ እናንተ ያስተላልፋል። ተቀባይነቱ የተሻለ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሲሙ የሻጩ መሆኑን ግን አትርሱ።

ሁለተኛ ኢሲም። በጥብቅ ስናየው ቨርቹዋል ቁጥር አይደለም፤ የሞባይል መስመር ነው። ስልካችሁ የሚቀበል ከሆነና ቋሚ አካውንት ከፈለጋችሁ ከሁሉም የምመክረው ይሄን ነው። አንድ ነገር አጣሩ፦ ለጉዞ የሚሸጡ ብዙ ኢሲሞች ዳታ ብቻ ናቸው፤ ቁጥርም ኤስኤምኤስም የላቸውም።

ትልቅ ስም ያለው አቅራቢም ዋስትና አይደለም። ስካይፕ በግንቦት 2025 (እንደ ፈረንጆቹ) ሲዘጋ ለዓመታት የስካይፕ ቁጥር ይዘው የነበሩ ሰዎች ሌላ መላ መፈለግ ነበረባቸው። ጉግል ቮይስም ለግል ተጠቃሚ የሚሰጠው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ለ3 ወር ጥሪም መልእክትም ካልተጠቀማችሁበት ቁጥሩ ሊወሰድ ይችላል።

ደረጃ 3፦ አቅራቢውን ከመክፈላችሁ በፊት መርምሩ

የአቅራቢውን የውልና የእርዳታ ገጽ ክፈቱና ለነዚህ መልስ ፈልጉ።

1. ቁጥሩ ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ሰው ይጋራዋል?
2. ጊዜው ሲያልቅ ያንኑ ቁጥር ማደስ እችላለሁ?
3. ክፍያ ብዘገይ ስንት ቀን ይጠብቀኛል?
4. ኮድ ካልመጣ ገንዘቡ ይመለሳል?
5. ከአጭር ቁጥር የሚላክ መልእክት ይቀበላል?

አምስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ብዙ አገልግሎቶች ኮድ የሚልኩት ከተራ ስልክ ሳይሆን 5 ወይም 6 አሃዝ ካለው አጭር ቁጥር ነው። የኢንተርኔት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ከነዚህ የሚመጣ መልእክት አይደርሳቸውም። ጓደኛችሁ የላከው ኤስኤምኤስ ይገባል፤ ኮዱ ግን ድራሹ ይጠፋል። ችግሩ ከእናንተ አይደለም፣ ቁጥሩ ራሱ አይቀበልም።

መልስ ያላገኛችሁለትን ጥያቄ ለድጋፍ ሰጪው ጻፉ። ለቀላል ጥያቄ መልስ የማይሰጥ አቅራቢ ቁጥራችሁ ሲጠፋም አይመልስላችሁም። ስትከፍሉ በትንሹ ጀምሩ፤ ቅናሽ አለ ተብሎ የዓመቱን ባንድ ጊዜ አትክፈሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጣላችሁን ኮድ «ላኩልኝ፣ እኔ ላስገባላችሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ውጡ። መልእክታችሁን ሁሉ የማንበብ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ከአፕ መደብር ውጪ የሚወርድ አፕም አትጫኑ። የራሳችሁን እውነተኛ ቁጥር ደግሞ ለማንም ማረጋገጫ አታከራዩ። በቁጥራችሁ የተከፈተ አካውንት ወንጀል ቢሰራ መጀመሪያ የሚፈለገው የቁጥሩ ባለቤት ነው።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን ከመግዛታችሁ በፊት ተዘጋጁ

ኮዱ የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ኮዱ ከመጣ በኋላ ፓስወርድ ማሰብ አትጀምሩ።

- አካውንት የምትከፍቱበትን አፕ ወደ አዲሱ እትም አሳድጉ።
- የስልኩን ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል አድርጉ። ለደረጃ 7 ያስፈልጋል።
- ረጅም ፓስወርድ አዘጋጁና ፓስወርድ ማስቀመጫ ውስጥ አስገቡ።
- የምታገናኙትን ኢሜይል ክፈቱ፤ እንደሚሰራ አረጋግጡ።
- የአረጋጋጭ አፕ (የመግቢያ ኮድ ስልካችሁ ውስጥ የሚያመነጭ አፕ) ጫኑ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይሁን። ለመጠባበቂያ ኮዶች ነው፤ ሌላው መንገድ ሲጠፋ የሚያስገቧችሁ፣ አገልግሎቱ አስቀድሞ የሚሰጣችሁ ኮዶች ናቸው።
- ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን ከሌላ አገር የመጣ የሚያስመስል አፕ) ካለ አጥፉ። ቁጥሩ ከአንድ አገር፣ ኢንተርኔቱ ከሌላ አገር፣ የአካውንቱ አገር ደግሞ ከሦስተኛ ሲሆን የአገልግሎቱ መከላከያ ይጠራጠራል።

ከተቻለ ያላችሁበትን አገር ቁጥር ምረጡ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ የማታውቁትን አገር ቁጥር መውሰድ ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን ውሰዱና ፈትኑት

አሁን ግዙ። ወዲያው ግን ወደ አካውንቱ አትሩጡ።

1. ቁጥሩን ኮፒ አድርጉና የዓለም አቀፍ አጻጻፉን አረጋግጡ። የመደመር ምልክት፣ የአገር ኮድ፣ ከዚያ ቁጥሩ። ጠቅላላው ከ15 አሃዝ አይበልጥም።
2. ከራሳችሁ ስልክ ወደዚያ ቁጥር አንድ ኤስኤምኤስ ላኩ። አቅራቢው የሚፈቅድ ከሆነ መግባቱን እዩ።
3. መልእክቱ የሚታይበትን ገጽ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት።
4. ቁጥሩ የሚያበቃበትን ቀን ጻፉና ከ1 ሳምንት በፊት የሚያስታውሳችሁ ማንቂያ ስልካችሁ ላይ ሙሉ።

ደረጃ 6፦ ኮዱን ጠይቁ

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

1. አካውንት መክፈቻው ላይ መጀመሪያ አገሩን ምረጡ። የአገር ኮዱ በራሱ ይሞላል።
2. የቀረውን ቁጥር ያለ አገር ኮድ ለጥፉ። በአብዛኛው አገር ከፊት ያለው 0 ይወጣል። የአገር ኮዱ ሁለት ጊዜ ገብቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።
3. «ኮድ ላክ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ።
4. ቆጣሪው እስኪያልቅ ጠብቁ። የመልእክት ገጹን በየግማሽ ደቂቃው አድሱ።
5. መልእክቱ ሲመጣ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን አንብቡ። የመጣው እናንተ ከጠየቃችሁት አገልግሎት ነው?
6. የመጨረሻውን ኮድ አስገቡ። ሁለት ጊዜ ጠይቃችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ አይሰራም።

ኮዱ እምቢ ሲል

የምታዩትን ምልክት ከዚህ ፈልጉና ያንን ብቻ አድርጉ። ሁሉንም ባንድ ላይ መሞከር ነው ሰውን የሚያሳግደው።

«ይህን ቁጥር መጠቀም አይቻልም» ይላል። ቁጥሩ የኢንተርኔት ስልክ ተብሎ ተለይቷል ወይም ታግዷል። ከዚያው ዓይነት ሌላ ቁጥር መግዛት ጥቅም የለውም። ዓይነቱን ቀይሩ፤ ሲም ላይ ያለ ወይም ኢሲም ውሰዱ።

«ቁጥሩ ስራ ላይ ነው» ይላል። የቀድሞ ተከራይ ከፍቶበታል። ለአቅራቢው ንገሩና እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ።

ሳታስቡት የሌላ ሰው አካውንት ተከፈተ። ምንም ሳትነኩ ውጡ። መልእክት አታንብቡ፣ ፓስወርድ አትቀይሩ። ቁጥሩን መልሱ። ይህ ብርቅ አይደለም። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ባወጡት ጥናት ሁለት የአሜሪካ የሞባይል ኩባንያዎች ለአዲስ ደንበኛ ካቀረቧቸው 259 ቁጥሮች 171ዱ ታዋቂ ድረ ገጾች ላይ ካለ አካውንት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ቁጥሩን ስትለቁ እናንተም ያ የቀድሞ ባለቤት ትሆናላችሁ።

ቴሌግራም «ኮዱን ሌላ መሣሪያ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ልከናል» ይላል። ቁጥሩ ላይ ሌላ ሰው አሁንም የሚጠቀምበት አካውንት አለ ማለት ነው። ኮዱ ለእሱ ነው የሄደው። አትጠብቁ፤ ቁጥር ቀይሩ።

ኮዱ ከገባ በኋላ የማታውቁት ፓስወርድ ወይም ፒን ይጠይቃል። የቀድሞው ባለቤት ሁለተኛ መቆለፊያ አድርጓል። ለመገመት አትሞክሩ። ቁጥሩን ተዉት።

ምንም አይመጣም፣ የስህተት መልእክትም የለም። መጀመሪያ የጻፋችሁትን ቁጥር ከአቅራቢው ገጽ ጋር አሃዝ በአሃዝ አስተያዩ። ልክ ከሆነ ቆጣሪው ሲያልቅ አንድ ጊዜ እንደገና ጠይቁ። አሁንም ከሌለ «ደውልልኝ» የሚል አማራጭ ካለ ተጠቀሙበት፤ ኤስኤምኤስ የማይቀበል ቁጥር ጥሪ ሊቀበል ይችላል። ከዚያ በኋላ አቁሙ። የአጭር ቁጥር ችግር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሙከራ አያመጣውም፤ የሚያመጣው እገዳ ነው። አቅራቢውን ገንዘቡን ጠይቁ፣ ሌላ ቁጥር ውሰዱ።

«ኮዱ ትክክል አይደለም» ይላል። የቆየ ኮድ አስገብታችኋል፣ ጊዜው አልፏል፣ ወይም ስትለጥፉ ክፍት ቦታ አብሮ ገብቷል። በእጅ ጻፉት።

«ብዙ ጊዜ ሞክረዋል» ይላል። ተዉት። 24 ሰዓት ሙሉ ተዉት። አፑን ማጥፋትና መጫን፣ ቪፒኤን ማብራት፣ ሌላ ቁጥር ማፈራረቅ ጥርጣሬውን ያባብሳል። በማግስቱ በአንድ ቁጥር፣ በአንድ መሣሪያ፣ በረጋ መንፈስ ጀምሩ።

አካውንቱ ተከፍቶ ወዲያው ታገደ። ይግባኝ የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኑና እውነቱን ጻፉ። ሁለተኛ አካውንት በዚያው ስልክ አትክፈቱ። ቀጣዩን ስትሞክሩ መጀመሪያ ፎቶና ስም ሙሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ለማታውቁት ሰው መልእክት አትላኩ፣ በጅምላ ቡድን ውስጥ አትግቡ።

ደረጃ 7፦ ኮዱ እንደገባ፣ በዚያው ሰዓት

ሰው «ተሳካ!» ብሎ ስልኩን የሚያስቀምጠው እዚህ ነው። አካውንቱ ግን ገና የናንተ አይደለም፤ የቁጥሩ ነው። አሁኑኑ ወደ ደህንነት ቅንብሩ ግቡ።

1. ኢሜይል ጨምሩ፣ አረጋግጡ። የተላከላችሁን ማያያዣ ሳትጫኑ አልተረጋገጠም።
2. የአረጋጋጭ አፕ አገናኙ። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ኮድ ስልካችሁ ውስጥ ይሰራል። ኔትወርክም ቁጥርም አይፈልግም። የስልኩ ሰዓት ከተዛባ ግን ኮዱ ይሳሳታል፤ በደረጃ 4 ሰዓቱን ያስተካከልነው ለዚህ ነው።
3. የመጠባበቂያ ኮዶችን አውጡ፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስክሪንሹት አንስታችሁ እዚያው ስልክ ላይ መተው አያድንም። ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።
4. ፓስኪ (ያለ ፓስወርድ፣ በስልኩ መቆለፊያ ወይም በጣት አሻራ የሚያስገባ ቁልፍ) የሚፈቅድ ከሆነ ጨምሩ።
5. ቁጥሩን ከማስመለሻ መንገዶች አውጡ። አገልግሎቱ የሚፈቅድ ከሆነ ሰርዙት። አረጋጋጭ አፕ ጨምራችሁ ኤስኤምኤሱን ከተዋችሁት የቁጥሩ ቀጣይ ባለቤት በዚያ ይገባል።

ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ሲግናል አካውንቱን ያለ ቁጥር ስለማይዙ 5ኛው አይሰራባቸውም። እዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ አድርጉ። ዋትስአፕ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን 6 አሃዝ ፒን፣ ቴሌግራም ላይ ተጨማሪውን ፓስወርድ ከማስመለሻ ኢሜይል ጋር፣ ሲግናል ላይ የምዝገባ መቆለፊያውን። በነሐሴ 2022 (በፈረንጆቹ) ለሲግናል የማረጋገጫ መልእክት የሚልከው ትዊሊዮ ሲጠቃ ወደ 1,900 የሚጠጉ ተጠቃሚዎች ቁጥር ወይም ኮድ ተጋልጦ ነበር። ሲግናል ያኔ ለሁሉም የመከረው ይህንኑ መቆለፊያ እንዲያበሩ ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ ውጪ ያለውን አካውንት አሁን ፈትኑ። የከፈታችሁበትን ስልክ ሳትዘጉ፣ በሌላ ብሮውዘር ወይም መሣሪያ እንደ አዲስ ግቡ። በፓስወርድና በአረጋጋጭ አፕ ብቻ ከገባችሁ ጨርሳችኋል። ኤስኤምኤስ ከጠየቃችሁ አንድ ቅንብር ቀርቷል፤ ተመልሳችሁ ፈልጉት። ይህን ቁጥሩ በእጃችሁ እያለ ማድረግ አለባችሁ። በኋላ አይቻልም።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ከመልቀቃችሁ በፊት

1. በቁጥሩ የከፈታችኋቸውን አካውንቶች ሁሉ ዘርዝሩ። የአቅራቢውን የመልእክት ሳጥን ከታች ጀምራችሁ አንብቡት፤ የረሳችሁት አይጠፋም።
2. በእያንዳንዱ ቁጥሩን ቀይሩ ወይም አካውንቱን ሰርዙ። ዋትስአፕና ቴሌግራም «ቁጥር ቀይር» የሚል ቅንብር አላቸው። እሱን ተጠቀሙ፤ አዲስ አካውንት አትክፈቱ።
3. በአሮጌው ቁጥር የሚያውቋችሁን ሰዎች አሳውቁ።
4. አንድ ወር ጨምራችሁ ክፈሉ። በዚያ ወር የሚመጣ ኮድ ካለ የረሳችሁት አካውንት አለ ማለት ነው።
5. መልእክቶቹን ከአቅራቢው ሳጥን ሰርዙ። ራሱን የሚያድሰውን ክፍያ የምታጠፉት ከዚህ በኋላ ነው።

የተለቀቀ ቁጥር ብዙ አይቆይም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ደንቡ ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ 45 ቀን እንዲያርፍ ነው የሚያዘው። የአጭር ጊዜ ኪራይ ሻጮች ጋ ግን በዚያው ቀን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

ቁጥሩ ቀድሞ ከጠፋባችሁ

የትም መሣሪያ ላይ አካውንቱ አሁንም ክፍት ከሆነ ለምንም ብላችሁ አትውጡበት። አፑንም አታጥፉ። ከዚያው መሣሪያ ሆናችሁ ኢሜይል ጨምሩ፣ ቁጥሩን ቀይሩ፣ ውይይቶቻችሁንና ፎቶዎቻችሁን አውርዱ። በተመሳሳይ ሰዓት ለአቅራቢው ጻፉ፤ ቁጥሩ ገና ለሌላ ካልተሰጠ አንዳንዶቹ ክፍያ ተቀብለው ይመልሱታል። በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ለውጥ ያመጣል።

የትም ክፍት ካልሆነ የቀራችሁ መንገድ የአገልግሎቱ የራሱ የማስመለሻ ቅጽ ነው። አካውንቱን መቼ እንደከፈታችሁ፣ በምን መሣሪያ እንደምትጠቀሙ፣ የትኛውን ኢሜይል እንዳያያዛችሁ በትክክል ሙሉ። ሁልጊዜ ከምትጠቀሙበት መሣሪያና ኢንተርኔት ሆናችሁ ላኩት። «እኔ አስመልስላችኋለሁ» ብሎ በውስጥ መስመር የሚጽፍላችሁን ሰው አትክፈሉ፤ ኮድም ፓስወርድም አትስጡት። ለምታውቋቸው ሰዎች ደግሞ ከዚያ አካውንት ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ቢመጣ እናንተ እንዳልሆናችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው።